«ገብቷችኋል?» ጥያቄ አይደለም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሱኝ። በተለይ አስተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ከዚያ ትሰድቡኛላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የከሰል ማንደጃ ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። ምን አለሽ ተራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው ብረት፣ ጣሳና በርሜል እዚያ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። በመዶሻው ጩኸት መሃል «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የድሮ ተማሪዬ ነው። ከ9 ዓመት በፊት 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ። የማስታውሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ አይናገርም ነበር። ከኋላ ተቀምጦ፣ ስሙ ሲጠራ ብቻ «አቤት» የሚል ልጅ።

አሁን ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ይገዛል፣ አሮጌ ዕቃ ጠጋግኖ ይሸጣል። በርጩማ ሰጠኝና ሥራውን ቀጠለ፤ እኔም ቁጭ ብዬ አየሁት። ብረት ካመጣለት ቆራሌ ጋር በስልጥኛ ይከራከራል፣ ከጎረቤቱ ጋር በኦሮምኛ ይሳሳቃል፣ መለስ ብሎ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል። አንዲት እናት ጓጉንቸር ሊገዙ መጡ። ዕቃው አሮጌ ስለሆነ ቁልፉ ትንሽ ወደ ላይ ካልተገፋ አይዞርም። ልጁ አንዴ ከፍቶ አሳያቸው። ከዚያ «ገባዎት?» አላለም። ጓጉንቸሩን ቆልፎ እጃቸው ላይ አስቀመጠና «እናቴ፣ አሁን እርስዎ ይክፈቱት» አለ። ሁለቴ አቃታቸው። አልተቆጣም፣ አልሳቀባቸውም፣ ጠበቀ። በሦስተኛው ከፈቱት። ገንዘቡን የተቀበለው ያኔ ነው።

«ሁሌ እንዲህ ነው የምታደርገው?» አልኩት።

«ሳይገባቸው ከሄዱ ነገ ይመልሱብኛላ ቲቸር!»

ይሄ ልጅ ነው እንግዲህ እኔ ክፍል ውስጥ መናገር የማይችል የነበረው።

ትንሽ ቆይቶ «ቲቸር፣ እኔ እኮ አንድ ቀን ጠይቄዎት ነበር፣ ያስታውሳሉ?» አለኝ። አላስታወስኩም። ነገረኝ። የማስ እና የዌይትን ልዩነት ሳስተምር እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሁለቱ የተለያዩ ከሆኑ ሱቅ ያለው ሚዛን የሚለካው የቱን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ምን መለስኩ? «እዚህ ሱቅ አይደለም! ደግሞ በእንግሊዝኛ ጠይቅ!» ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ቀን በኋላ በማንም ትምህርት እጁን እንዳላወጣ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ጥያቄውን አስቡት እስቲ። በዚያ ዓመት ከተጠየቅኳቸው ሁሉ ምርጡ ጥያቄ ይመስለኛል። ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ማስን ከማስ ጋር ያወዳድራል፤ ጨረቃ ላይ ብትወስደው አንድ ኪሎ ስኳር ከአንድ ኪሎ ድንጋይ ጋር እኩል ይቆማል። ባለ ሞላው ተንጠልጣይ ሚዛን ግን የሚሰማው ዌይትን ነው፤ ሞላውን የሚስበው የመሬት ስበት ስለሆነ ጨረቃ ላይ ያው ስኳር አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ መልስ ነው። ለአርባ ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለ ትምህርት ይወጣው ነበር። ቅዳሜ ዕለት እዚያው በርጩማው ላይ ሆኜ፣ የራሱን ሚዛን እያሳየሁ መለስኩለት። 9 ዓመት ዘግይቶ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እኛ መምህራን «ውጤታማ ተግባቦት» የሚባል ሥልጠና ሞልቶናል። እኔ ብቻ ስንቱን ተቀምጫለሁ! ድምፅህን ከፍ ዝቅ አድርግ፣ ዓይን ለዓይን ተያይ፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ አትክተት፣ ምናምን። አሠልጣኙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላይድ ሲያነብልን ይቆይና በመጨረሻ «ገብቷችኋል? ጥያቄ ያለው?» ይላል። እኛም ሻይ ሰዓት ደርሷልና በአንድ ድምፅ «የለም!» እንላለን። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ፋይላችን ላይ አንድ ወረቀት ይጨመራል፣ ይፈረማል፣ አለቀ። ስለ መናገር ሠለጠንን። ስለ መስማት ግን አንድም ቀን አልሠለጠንም።

እና ሰኞ ክፍል ገብተን ያንኑ እንደግመዋለን። «ገብቷችኋል?» «አዎ ቲቸር!» ወገኖቼ፣ ይሄ ጥያቄ አይደለም፤ «ዝም በሉ፣ ልቀጥል» ማለት ነው። ልጆቹም በደንብ ገብቷቸዋል፤ ፊዚክሱ ሳይሆን የእኛ ፍላጎት። «አልገባኝም» የሚል ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃላ! «የት ነበርክ?» «አንተ ብቻ ነህ ያልገባህ?» «ይሄ እኮ የ7ኛ ክፍል ነው!» በአገራችን ድሮም ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኛ ደግሞ ዝምታውን ማርክ እንሰጠዋለን፤ ዝም ያለ ክፍል ያለው መምህር «ክፍል ይቆጣጠራል» ተብሎ ይመሰገናል።

በ1997 ፕላዝማ ሲገባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይወርድ ጀመር። እኛ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር የተተወልን። ምን ያህል እንዳማረርን! «አያቆምም፣ ልጆቹ ጽፈው ሳይጨርሱ ያልፋል፣ ቢጠይቁት አይሰማም» አልን። ትክክል ነበርን። ቆይቶ እኔ ባስተማርኩባቸው ክፍሎች ፕላዝማው ተበላሽቶ ግድግዳ ላይ አቧራ ለበሰ። እኛስ? ቦታውን ተረከብነው። አናቆምም፣ ጽፈው ሳይጨርሱ እናልፋለን፣ ቢጠይቁን አንሰማም። ልዩነቱ ፕላዝማው ቢያንስ ተማሪ አይሳደብም ነበር።

«ልጆቹ እኮ ናቸው የማይሰሙት፣ ቲክቶክ አበላሽቷቸው» የሚለኝ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያ የምን አለሽ ተራው ልጅ በዚያ ሁሉ መዶሻ መሃል የሚያወራውን ያሰማል። ደንበኛዬ ቲክቶክ ስለሚያይ ነው ብሎ ቢቀመጥ ጾሙን ያድራል። መርካቶ ላይ ያልገባው ሰው ዕቃውን በማግሥቱ ይመልሳል። እኛ ጋ ግን ዕቃው የሚመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ሰበቡ ብዙ ነው፣ ሁሉንም ጥፋት መምህር ላይ አልጭንም። ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «አዎ ቲቸር!» ሲሉን የኖሩት እነዚሁ ልጆች አይደሉም?

«አንድ ክፍል ውስጥ 60 እና 70 ተማሪ ይዤ፣ በዚህ ደሞዝ?» እውነት ነው። የእኔም ደሞዝ ወሩን አያጋምስም። ስለ ደሞዝ፣ ስለ ክፍል ጥበት እጮኻለሁ፣ ወደፊትም እጮኻለሁ። ግን አለመስደብ ስንት ብር ይፈጃል? ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የብዙ ክፍሎችን ድምፅ ቀድታ አዳመጠች፤ ውጤቱን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። መምህር ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠበቅ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ያልተጠሩትም መናገር ጀመሩ፣ ራሳቸውም መጠየቅ ጀመሩ። በክፍለ ጊዜ አሥር ጥያቄ ብንጠይቅ እያንዳንዱን ሦስት ሰከንድ ለመጠበቅ ሠላሳ ሰከንድ ነው የሚያስፈልገን። በጀት አይጠይቅም።

ደግሞ ይሄ የፈረንጅ ነገር አይደለም። ራጉኤል አካባቢ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረም፣ አንዋር አካባቢ ቁርአን የቀራም ያውቀዋል፤ ልጁ የያዘውን መምህሩ ፊት በራሱ አፍ ሳይል ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ራሱ ቆጥሮ ያመጣውን ነው መምህሩ ሰምቶ የሚያርመው። አለንጋው ይመለስ አላልኩም። እኛ ግን ጆሮውን ትተን አለንጋውን ነው የወረስነው፤ እሱንም ወደ ምላስ ቀይረን።

ስለዚህ ለራሴ የወሰንኩትን ልንገራችሁ፣ የወደደ ይከተለኝ።

አንድ፦ «ገብቷችኋል?» ከአፌ አይወጣም። በቦታው «እስቲ አንቺ በራስሽ አነጋገር ንገሪን»፣ «እስቲ ለጎንህ ልጅ አስረዳው» እላለሁ። እናቴ፣ አሁን እርስዎ ይክፈቱት።

ሁለት፦ ጠይቄ ሦስት ሰከንድ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ዝምታው ቢያስፈራኝም።

ሦስት፦ ልጁ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠይቅ። እኔ ካልሰማሁት ጓደኛው ይተርጉምልኝ። እንግሊዝኛውን አብረን እንፈልግለታለን። በአማርኛ ስለተጠየቀ ፊዚክስ አይቆሽሽም።

አራት፦ በጠየቀ ልጅ ከሳቁበት መጀመሪያ የማስቆመው ሳቁን ነው። የራሴን አሽሙር ጨምሮ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ ያን ቀን ያመለጠኝን እኔ ረስቼዋለሁ፣ ልጁ ግን 9 ዓመት ተሸክሞታል። ስንቶቻችሁ ተሸክማችሁ ይሆን? የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንድ ቀን ጠይቃችሁኝ አሳፍሬያችሁ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጥያቄውን የምታስታውሱ ካላችሁ ደግሞ ኢንቦክስ ላኩልኝ። ዘግይቼም ቢሆን እመልሳለሁ።

ማንደጃውን በነገራችን ላይ ገንዘብ አልቀበልም ብሎኝ በግድ ነው የከፈልኩት። «የሚዛኑ መልስ ዋጋ ይሁን» ነው ያለው። እኔ የማስበው ግን ዕዳው ገና አላለቀም።