ለማን ነው የምናጨበጭበው?



ከሁሉ አስቀድመን ማን እንደሆንን እንናገር። እኛ ቲፎዞዎች ነን። ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ የትምህርት ዕቅዳችንን አጥፈን፣ ከግቢ ወጥተን ወደ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የምንወርድ፣ ኳስ በሚታይበት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን የምንቀመጥ፣ ጎል ሲገባ ያቀፍነው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ የማናውቅ ቲፎዞዎች። ቃሉን የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው። ሥሩም ተስቦ ከሚባለው በሽታ ስም ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ነገሩ ትኩሳት እንዳለበት ከስሙ መረዳት ይቻላል ማለት ነው።

ዛሬ ብዕር ያነሣነው ኳስን ለመንቀፍ አይደለም። ኳስን የሚነቅፍ ከፈለጋችሁ ሞልቷል። የተነሣነው በመካከላችን የደረሰ አንድ ጉዳይ ስላሳሰበን ነው።

ባለፈው ሰሞን በአንድ ዶርም የሚኖሩ ሁለት ጓደኞቻችን አርሰናልና ማንችስተር ዩናይትድ ሲጋጠሙ አብረው ሊያዩ ሄዱ። አንደኛው ክርስቲያን ነው፤ ቡድኑ ካሸነፈ ለገብርኤል ሻማ እንደሚያበራ ተስሏል። ሁለተኛው ሙስሊም ነው፤ ዱዓ አድርጎ ነው የመጣው። ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፈው ሳቀና «የማን ጸሎት እንደተሰማ አየህ?» አለ። ቀልድ ነበር። የተሸነፈው የመለሰውን ግን እዚህ አንጽፈውም። የሚጻፍ አይደለምና።

ከዚያ በኋላ ከአንድ ቴርሞስ ሻይ ሲቀዱ የነበሩ ልጆች ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። ይባስ ብሎ ለማስተማር ልምምድ የተመደቡት በአንድ ክፍል ነበር። አንዱ ሲያስተምር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ይመዘግባል፤ አይተያዩም። በመጨረሻ አንዲት የ3ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ከዚያኛው ቲቸር ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ልጅ ምን ይደበቀዋል!

በመሆኑም ጥያቄያችን ይህ ነው። ታማኝነታችን ለማን ነው? እምነታችንንስ ለምን ጉዳይ ነው የምናውለው?

በቅድሚያ ስለ ታማኝነት። ሩቅ አገር ያለ ክለብ መውደድ ወንጀል አይደለም፤ እኛም እንወዳለን። ነገር ግን የለንደኑን ክለብ ተጠባባቂ ተከላካይ ስም እስከነአያቱ እየዘረዘርን የከተማችንን ክለብ በረኛ የማናውቅ ስንቶች ነን? ሐዋሳ ከተማ በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል። ውድድሩ በፕሪሚየር ሊግ ስም ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ውጪ የወሰደ የመጀመሪያው ክለብም እርሱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ደገመው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ዝናብ እየወረደበት፣ ስንት ጊዜ እየተሸነፈ ስታዲየም የማይቀር ደጋፊ አለ! ታማኝ ማለት እርሱ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» የሚል ቲፎዞ ግን ራሱን ይመርምር።

ሁለተኛው ጉዳይ እምነት ነው። ሃያ ሁለት ተጫዋቾች ሜዳ ሲገቡ አንዱ ያማትባል፣ አንዱ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ያ መልካም ነው፤ ሰው የሚሠራውን ሥራ በጸሎት ቢጀምር ማንም አይከፋውም። ይሁን እንጂ የሁለቱም ወገን ጸሎት ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ፈጣሪ የጎል ቆጣሪ ነው ወይ? በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ሐዋሳ ገብርኤል የሚመጣውን ሕዝብ ተመልከቱ። ታማሚው አለ፣ ልጅ ያጣች እናት አለች። ከነዚያ መካከል ቆመን የፍጹም ቅጣት ምት እንዲሳትልን የምንለምን ከሆነ፣ ቢያንስ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። ያሸነፍን እንደሆነ ደግሞ ድሉን በሌላው ሃይማኖት ላይ የተገኘ ድል አናስመስለው። በሐዋሳ ከተማ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ቡና የሚጠጣው የጎረቤቱን እምነት ጠይቆ አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳይ የዓለም ነገር ነው። አንዳንድ መምህሮቻችን «ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም» ይሉናል። እናከብራቸዋለን፤ በዚህ ግን አንስማማም። ታሪካችን የሚለው ሌላ ነውና።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም አለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾችም ከውድድሩ አስወጧት። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ልብ በሉ፤ ለእውነት መቆም ጎል አያስገባም። ማንም እንደዚያ ብሎ ቃል አልገባልንም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ የግብፅ ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ሉቺያኖ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። ከአራቱ ጎሎች አንዷን እርሱ፣ አንዷን ወንድሙ ኢታሎ፣ የቀሩትን ግርማ ተክሌና መንግሥቱ ወርቁ አስገቡ። ያን ቀን ማን ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ቲፎዞ ይኖር ይሆን? ይህ ሰው በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም እዚያው አረፈ። ከዚህ የምንማረው ታማኝነት የአንድ ወገን ዕዳ ብቻ አለመሆኑን ነው። አገርም ለልጇ ትታመን።

ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከሞቱበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ መርተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም መድረክ እንዳትመለስ ሲከራከሩ ኖሩ።

እንግዲህ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. በሶዌቶ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ። ለምን ቢሉ፣ መንግሥታቸው በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ ስላስገደዳቸው ነው። ፖሊስ ተኮሰባቸው። የእኛ ሥራ የሚሠራበት ቦታ፣ ክፍልና ሰሌዳ፣ የደም ምክንያት ሆነ። በዚያው ክረምት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ። ኒውዚላንድ ባለመታገዷ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀሩ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። በሙኒክ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር ሞንትሪያል ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ጠብቆ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አመጣ። ለምሩጽ ሁለተኛ ዕድል መጣለት። ላልመጣላቸውስ?

የእኛው የሲዳማ ልጅ በላይነህ ዴንሳሞ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ። ከአምስት ወር በኋላ የሶል ኦሊምፒክ ተከፈተ፤ በላይነህ አልነበረም። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆሜአለሁ ብሎ ስለቀረ ነው። በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስም የቀረነው ከሶቪየት ኅብረት ጎን ለመቆም ነበር።

አንድ ሰው «እንዴ! መቅረት መቅረት ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» ሊለን ይችላል። በእኛ አስተያየት ልዩነት አለው። የ1968ቱ መቅረት የተገፋ ሕዝብ አቤት ሲል የተሰጠ መልስ ነው። የ1976ቱና የ1981ዱ ግን የጎራ ቲፎዞነት ነው፤ «ወዳጄ ከቀረ እኔም እቀራለሁ» ማለት። ይህ ሲባል ግን የፊተኛውም ቢሆን ዋጋ ሳያስከፍል አላለፈም። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ያላማከሯቸው ሯጮች ናቸው። ስለ ሌላው ጉልበት የሚወስን ሰው ይህን ሳይረሳ ይወስን።

ዛሬም ክርክሩ አላለቀም። የካቲት 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ፊፋና ዩኤፋ ሩሲያን ከውድድር ሲያግዱ በዶርማችን «ይቺ ታገደች፣ ያቺ ለምን ቀረች?» የሚል ሙግት እስከ እኩለ ሌሊት ተካሂዷል። ያን ክርክር እዚህ አንጨርሰውም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚዛን ከተያዘ ለወዳጅም ለጠላትም ያው ሚዛን ይሁን። የምንወደው ሲያጠፋ ዓይናችንን የምንጨፍን ከሆነ፣ ያ ታማኝነት ሳይሆን ትኩሳቱ ነው።

ደግ ነገር ሳንናገር አንጨርስም። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ባርሴሎና፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር። ደራርቱ ቱሉ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ነበረች፤ አገሯ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በካርቱም ያልተደረገው ጨዋታ፣ በሞንትሪያል ያልተሮጠው ሩጫ ለምን እንደነበረ ያን ቀን የታየ ይመስለናል። የተዘጋው በር የተዘጋው በሰው ጥላቻ ላይ እንጂ በሰው ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ ዶርማችን እንመለስ። ሁለቱን ጓደኞቻችንን ያስታረቃቸው አንድ አንጋፋ መምህር ናቸው። በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ ከፍርድ በፊት «አፊኒ» ይባላል፤ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። እርሳቸውም ሁለቱን አስቀምጠው፣ ማን ጥፋተኛ ነው ሳይሉ፣ አንዱ የሌላውን ንግግር ደግሞ እንዲናገር አደረጉ። ያንን የማይጻፍ ቃል ተናጋሪው ራሱ ሊደግመው አፈረ። ሌላው ደግሞ ቀልዱ ቀልድ እንዳልነበረ ያኔ ገባው። ሻይ ተቀዳ፤ በዚሁ አበቃ።

ጓደኞቻችን ሠልጣኞች፣ ነገ ስልሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ እንቆማለን። ግማሹ የዚህ፣ ግማሹ የዚያ ደጋፊ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ጸሎት ቤት የሚሄድ ነው። የአንዱ ወላጆች ከአንድ ብሔር፣ የሌላው ከሌላ ናቸው። የምንወደውን ክለብ ይወቁት፤ ምንም አይደለም። እጁን ያወጣውን ልጅ ስንጠራ ግን የቡድኑን ማልያ አይተን እንዳልጠራነው እርግጠኛ ይሁኑ።

ቅዳሜ እንገናኛለን፤ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ። የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል። ከዚያ በላይ ግን ማንም ምንም አይክፈል።