«ጋሼ፣ አንገትዎን ላፍታታልዎ?»

ሳንሱሲ፣ አምቦ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ፀጉር ቤት ተቀምጫለሁ። ልጁ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ፀጉሬን አራግፎ፣ አልኮሉን ማጅራቴ ላይ ጠብ ካደረገ በኋላ አንዱን መዳፍ አገጬ፣ ሌላውን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፎ «ጋሼ፣ አንገትዎን ላፍታታልዎ?» አለኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ጎረምሳ አንገቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቋ! ብሎለት፣ ደስ ብሎት ወጥቷል። «ተው ልጄ፣ ይቅርብኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። ሳንሱሲ በፈረንሳይኛ ጆሮ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው፤ እኔ ግን ሐሳብ ይዤ ወጣሁ።

ድምፁ አይደለም ያሳሰበኝ። «ቋ» የሚለው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለ የጋዝ አረፋ ነው፤ አጥንት አልተሰበረም። የፈራሁት ለደም ቅዳው ነው።

ወደ አንጎል የሚወጡት ዋና ደም ቅዳዎች አራት ናቸው። ሁለቱን ጉሮሯችን ጎን ጣት ስናሳርፍ ሲመቱ እንሰማቸዋለን። ሁለቱ ግን ከኋላ ተደብቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስተኛው የአንገት አንጓ ጀምሮ፣ በአጥንቶቹ ጎንና ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ክር በመርፌ ዓይን እንደሚያልፍ እየሾለኩ ይወጣሉ። ላይኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ ተጠምዝዘው ወደ ራስ ቅል ይገባሉ። ጥምዙ ሥራ አለው። ራሳችንን ስናዞር ከዙሩ ግማሽ ያህሉ የሚፈጸመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች መካከል ነውና፣ ደም ቅዳው የሚለቀው ትርፍ ርዝመት ያስፈልገዋል። ወደ ቀኝ ስንዞር በተለይ የግራው ይሳባል።

የደም ቅዳውን ግድግዳ ለመረዳት ጎሚስታ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ከመነዳሪ ሲነፋ የሚያብጠው የሳሳው ቦታ ነው፤ ግፊቱ በጨመረ፣ ቱቦው በሰፋ፣ ግድግዳው በቀጠነ ቁጥር ጫናው ይበረታል። ደም ቅዳም እንዲሁ ነው። ደሙ ከውስጥ እየገፋው ሳለ አንገት ሲዞር ደግሞ በቁመቱ ይሳባል። ግድግዳው ሦስት ንብርብር ነው። የውስጠኛው ከተቀደደ ደም በንብርብሮቹ መሃል ይገባና መንገዱን ያጠብባል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። በዓመት ከ100,000 ሰው ሦስት ያህሉን የሚያገኝ፣ ብርቅ የሚባል አደጋ ነው። ነገር ግን ከደም መዘጋት ከሚመጣው ስትሮክ በሁሉም ዕድሜ 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲይዝ፣ በወጣቶችና በጎልማሶች ላይ ከ10 እስከ 25 በመቶ ይደርሳል።

ታዲያ የጎጃምና የጎንደር እስክስታ ሊቀር ነው? እኔ እንደሚገባኝ አይደለም። እስክስታ የሚወርደው ሰው አንገቱን የሚያንቀሳቅሰው በራሱ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ልጓም አለው። ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ግን ልጓሙ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ሐቁን ልናገር፤ ለልጁ የሚከራከርለት መረጃም አለ። የካናዳው ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት በአስከሬን ላይ ሲለኩ፣ በሠለጠነ እጅ አንገት ሲታሽና ሲቀለበስ የኋላው ደም ቅዳ የተሳበው 6 በመቶ ያህል ነው። አንገትን እስከ ዳር ድረስ እንዲሁ ማዞር ከዚያ የበለጠ፣ 13 በመቶ ገደማ ስቦታል። እስኪበጠስ ደግሞ ከ39 እስከ 62 በመቶ መርዘም ነበረበት። ጤነኛ ደም ቅዳ ጠንካራ ነው ማለት ነው።

ጭንቀቴ ጤነኛ ላልሆነው ነው። ግድግዳው ቀድሞ የተቀደደበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የአንገት ሕመም ነው። አንገቱን ያመመው ሰው ደግሞ ምን ይላል? «ተኝቼበት ነው፣ አንገቴ ዞሯል።» ከዚያ ወደ ወጌሻ፣ አለዚያ ወደ ፀጉር ቤት። ማለትም እንዳይጠመዘዝ የሚገባው አንገት ራሱ በእግሩ ሄዶ «ጠምዝዙኝ» ይላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 አንገት ማቃናት ለመቀደዱ መንስኤ ነው ብሎ አልደመደመም፤ ግንኙነት ግን ታይቷልና ታካሚው አስቀድሞ ይነገረው ብሏል። ወጌሻ የቁርጭምጭሚት ወለምታ ሲያሽ እጁን አከብራለሁ። አንገት ግን ቁርጭምጭሚት አይደለም።

ሴቶቹንም አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. በ1993 ዌይንትራውብ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ፀጉር ሲታጠቡ አንገታቸው ገንዳው ላይ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ከቆየ በኋላ የታመሙ አምስት ሴቶችን ታሪክ ጽፏል። ከማጅራት ሥር የታጠፈ ፎጣ ጠይቁ፤ ሻምፑው እስኪያልቅም እዚያው አትተኙ።

ከዚህ በፊት የማታውቁት፣ በአንድ ጎን የጀመረ የአንገት ወይም የራስ ሕመም ሲመጣ፣ በተለይ የአንድ ዓይን ቆብ ከወረደ፣ ካዞራችሁ ወይም አንደበታችሁ ከተሳሰረ፣ ማንም እንዳይነካችሁ። ከሳንሱሲ በዊንጌት በኩል ጳውሎስ ሆስፒታል አለ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ልጁ አሁንም ፀጉሬን ይቆርጠኛል። ለእሱና ለጓደኞቹ የምለው ይህን ነው፦ ትከሻችንን እንደ ልባችሁ እሹልን፤ አንገታችንን ለእኛ ተዉልን።