ቀብድ ይከፈል! (ግን በወጉ)

«ለባለሙያ ቀብድ እንዳትሰጡ!»

ክረምት ሊገባ ሲል እንጅባራና ዳንግላ ውስጥ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ይህ ምክር በነጻ ይታደላል። ምክሩ ብቻውን አይመጣም፤ ወሬው አብሮት አለ። አንዱ አናጢ ቀብዱን ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ሌላው ጣሪያውን ገልጦ ሲያበቃ «ሚስማር ገዝቼ ልምጣ» ብሎ እንደወጣ ቀረ፤ ሦስተኛው ደግሞ በቀብዱ የእህቱን ሠርግ ደገሰበት… በመጨረሻ ከመካከል ትልቅ የሚባሉት ሰው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ፍርዱን ይሰጣሉ፦ «ቀብድ የበላ እጅ መዶሻ አያነሳም!»

እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም፤ ይግባኝ እንላለን። ቀብድ ይከፈል!

መጀመሪያ የምንኖረው የት እንደሆነ እናስታውስ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ዝናብ ቀልድ አያውቅም። የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ የተነቀለ አሸንዳ፣ ልስኑ የተፈረፈረ ጭቃ ግድግዳ «ስንደርስ እንደርስበታለን» የሚባሉ ነገሮች አይደሉም። ውኃ የጠጣ ጭቃ ቤት እንጨቱ ከሥር ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ ጥገና የሚባል ነገር ቀርቶ እንደ አዲስ መሥራት ይመጣል። ችግሩ ይህን ሁላችንም የምናስታውሰው በአንድ ጊዜ፣ በሚያዝያና በግንቦት መሆኑ ነው። አናጢዎቹ ግን ያው እነዚያው ናቸው። አንድ ሰው ሃያ ቤት ሲጠራው ማንን ያስቀድም? እጁ ላይ ገንዘብ ያኖረለትን ነዋ! ቀብድ ተራ ያስይዛል። ቀብድ የሌለው ቀጠሮ ምኞት ነው፤ በምኞት ደግሞ ጣሪያ አይደፈንም።

ሁለተኛ፣ «ባለሙያ» የምንለው ሰው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የእኛው እኩያ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ ወይም ከአጎቱ ሥር ሆኖ ሙያውን የለመደ፣ መዶሻ፣ መጋዝና ውኃ ልክ ያለው፣ ገንዘብ ግን የሌለው ወጣት። ለዚህ ልጅ «ቀብድ አልሰጥም፣ ሲያልቅ እከፍልሃለሁ» ስንለው በቀጥታ አማርኛ ምን ማለታችን ነው? «ቤቴን በአንተ ገንዘብ ጠግንልኝ» ማለታችን ነው! ዕቃ ሻጩ ለልጁ በዱቤ አይሰጠው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዛሬ የጠየቅነው የቆርቆሮ ዋጋ ለሳምንት ይቆያል ብሎ የሚምል ሰው አላገኘንም። ስለዚህ ያለ ቀብድ መሥራት የሚችለው ድሮውንም ገንዘብ ያለው ኮንትራክተር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ለጽድቅ አይሠራም፤ ያስቀደመውን ገንዘብ ከነትርፉ ከዋጋችን ላይ ይለቅማታል። ቀብድ ከልክለን ያተረፍነው እንግዲህ ይኸው ነው፦ ውድ ጥገና እና ሥራ ፈት ወጣት። ከዚያ በዚያው የቡና ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን «የዘንድሮ ወጣት ሥራ አይወድም» እንላለን።

ሦስተኛውን ነገር ማንም አያወራውም፤ ቡናው ላይ ባለሙያው ስለማይጠራ። ስለ ከዳተኛ አናጢ መቶ ወሬ አለን፤ ስለ ከዳተኛ አሠሪ ግን አንድም። ሥራው ሲያልቅ «ይቺ ጠመመች፣ ያቺ ጎበጠች» እያለ ዋጋ የሚቆርጠው፣ «ነገ ና»ን የሚደጋግመው፣ ሲብስም ስልክ የማያነሳው አሠሪ የት ሄደ? ባለሙያው የለሰነውን ግድግዳ ልጦ ወደ ቤቱ አይወስደው! ከሠራ በኋላ እጁ ላይ የሚቀር ምንም መያዣ የለውም። አገራችን ባለእጅን ስትንቅ የኖረች ናት፤ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በከንቱ አልነበረም። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ የእጅን ዋጋ እንደ ምጽዋት መቁጠሩ ግን አለ።

ይህን ስንል ባለሙያዎቹን መላእክት እያደረግን አይደለም። በአንድ ሳምንት ከአምስት ቤት ቀብድ ሰብስቦ አንዱንም ሳይጀምር ወደ ሌላ ከተማ የሚሻገር አለ። ይህ ሰው የአምስት አሠሪዎች ሌባ ብቻ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን የሐቀኛ ባለሙያ እንጀራ የሚደፋም ነው። ለእሱ ጥብቅና አንቆምም። ግን ለእሱ መድኃኒቱ ቀብድ መከልከል ሳይሆን ቀብድ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ሕጉ እኮ አለ! በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እጥፍ! እስቲ ጠፍቶ የተገኘን አናጢ እጥፉን የጠየቀ ሰው ታውቃላችሁ? እኛ የምናውቀው «ዋናዋን እንኳ ከመለሰልኝ» ብሎ ሽማግሌ የሚልክ ብቻ ነው።

ከዚህ ሕግ አንድ ብልሃት ይወጣል። ቀብድ እና የዕቃ መግዣ አንድ አይደሉም። እኛ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ደባልቀን የዋጋውን ግማሽ በጥሬው እንሰጥና ሁሉንም «ቀብድ» እንለዋለን። ነገ ሐሳባችንን ብንቀይር ያ ሁሉ ገንዘብ «ቀብድ ነው» ተብሎ ሊቀርብን ነው። ባለሙያውም ያላሰበው የእጥፍ ዕዳ ሊመጣበት ነው። ስለዚህ እንለያቸው።

አንድ፦ ቀብድ ትንሽ ይሁን፣ ተራ ማስያዣ። የእጅ ዋጋው ለምሳሌ 20,000 ብር ቢሆን 2,000 ብር ይበቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕጉ ለቤት እድሳት ቅድሚያ የሚከፈለውን ከዋጋው 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ ገድቦታል። ሀብታሞቹ እንኳ እንዲህ ከተጠነቀቁ እኛ ምን ነክቶን ነው ግማሹን የምናስረክበው?

ሁለት፦ ዕቃውን ከባለሙያው ጋር ሱቅ ድረስ ሄደን እንግዛ፤ ደረሰኙ በእኛ እጅ፣ ዕቃው በእኛ ግቢ። ያን ጊዜ ሚስማር ልግዛ ብሎ የሚጠፋ ሰው አይኖርም።

ሦስት፦ የእጅ ዋጋው እንደ ሥራው ደረጃ ይከፈል። ቆርቆሮው ሲመታ ይህን ያህል፣ አሸንዳው ሲገጠም ይህን ያህል፣ ቀሪው ደግሞ ሥራው አልቆ በታየ ዕለት፤ «ነገ ና» የለም።

አራት፦ ዋስ። የፌዴራል መንግሥት በ2002 ዓ.ም ባወጣው የግዥ መመሪያ ለሥራ ተቋራጭ እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ሲፈቅድ ዋስትና እንዲያቀርብ ይጠይቅ ነበር። መንግሥት ያላፈረበትን እኛ ለምን እናፍራለን? ባለሙያው የሚታወቅ ሰው ዋስ ይጥራ። አሠሪውም ለመጨረሻው ክፍያ እንዲሁ ዋስ ይጥራ! ዋስ ከአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ንቀት ነው፤ ከሁለቱም ሲሆን ግን ውል ነው።

«እኛ ዘንድ መፈራረም አለመተማመን ነው» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እስቲ እቁባችሁን ተመልከቱ፤ ጸሐፊና ዳኛ የለውም? ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን ይወስዳል? ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ የቆመ የፈረሰኞች ማኅበር ያለው የአዊ ሕዝብ ስለ ሥርዓትና ስለ ደንብ ከማንም መማር የለበትም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ከደብተር የተቀደደች አንዲት ገጽ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ፣ ገንዘቡም በባንክ ወይም በቴሌብር፤ አለቀ! ይህን ለማድረግ ጠበቃ አያስፈልግም።

ስለዚህ አሠሪ ሆይ፣ ቀብድህን ቆጥረህ ስጥ፣ አስፈርም፣ ዋስ ጥራ፤ ሥራው ሲያልቅም ሳታስለምን ክፈል። አንተም ባለሙያ ሆይ፣ ልትደርስበት የማትችለውን ቀብድ አትቀበል፤ በቃሃል ካልንህ በኋላም ስልክህን አትዝጋ። ቀብድ እንዳትሰጡ እያላችሁ የምትመክሩን ታላላቆቻችን ደግሞ ቡናውን ጠጡልን፤ ምክሩን ግን ዝናቡ ሳይመጣ ብትቀይሩት ደስ ይለናል።