ኮምፒዩተር ያላወቀው ዲስክ ሞተ አይባልም

ሰው ወላጆቹንና ወዳጆቹን ለማስታወስ ብሎ የሚያኖረው ፎቶግራፍ ከወርቅና ከብር የሚያንስ ሀብት አይደለም። ወርቅና ብር ቢጠፋ ሠርቶ መተካት ይቻላል፤ ያለፈች እናት መልክ ግን ከጠፋ የሚተካው የለም። ቀድሞ ፎቶግራፍ በመስተዋት ተከቶ በግድግዳ ይሰቀል፣ ወይም በአልበም ተለጥፎ በሣጥን ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ቤተ ሰብ የሠርጉን፣ የክርስትናውንና የተዝካሩን ሥዕል፣ የቤቱንና የይዞታውን ወረቀት ቅጂ ጭምር፣ መዳፍ በሚያህል ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ውስጥ ያኖራል። ስለዚህ ይህ ዕቃ ከኮምፒዩተር ጋር ሲያያዝ ኮምፒዩተሩ አላወቀውም እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ ምን ማድረግ፣ ይልቁንም ምን አለማድረግ እንደሚገባው በዛሬው ገጻችን እንጽፋለን።

ለምሳሌ አንድ የቡሬ ቤተ ሰብ ለአያቱ ሙት ዓመት ሥዕል ሊያሳትም ፈልጎ ዲስኩን ወደ ፎቶ ቤት ላከው እንበል። ዲስኩ ሲሰካ ትንሿ መብራት ትበራለች፤ ነገር ግን ስሙ በኮምፒዩተሩ ላይ አይታይም፤ ወይም ‹‹ፎርማት ይደረግ?›› የሚል ጥያቄ ይወጣል። የቸኮለ ሰው በዚህ ጊዜ ‹‹እሺ›› የሚለውን ይጫናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ሁሉ፣ የብዙ ዓመት ሀብት በአንድ ጣት የሚጠፋው በዚህች ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፤ በውስጡ የምትፈልጉት ነገር ያለበትን ዲስክ ፎርማት ለማድረግ፣ ወይም ‹‹ኢኒሺያላይዝ›› ለሚለው ጥያቄ ከቶ እሺ አትበሉ።

ዲስክ የማይታየው በአራት ምክንያት ነው። ወይ ኃይል አላገኘም፤ ወይ መንገዱ ተቋርጧል፤ ወይ ማውጫው ተበላሽቷል፤ ወይም ዕቃው ራሱ ተጎድቷል። የሚመረመረውም በዚሁ ተራ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው።

አንደኛ፤ ኃይል። ትንሹ ዲስክ የሚሠራው ከዩኤስቢ በሚያገኘው በ5 ቮልት ኃይል ብቻ ነው። የቆየው የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፔር እንዲሰጥ ተደንግጓል። ዲስኩ መዞር ሲጀምር የሚፈልገው ኃይል ከፍ ስለሚል፣ በደካማ ቀዳዳ ወይም ለብዙ ዕቃ በሚያከፋፍል ሃብ ላይ ሲሰካ መብራቱ እየበራ ሳይነሣ ይቀራል። ስለዚህ በቀጥታ በኮምፒዩተሩ ላይ ይሰካ፤ ኮምፒዩተሩ የጠረጴዛ እንደ ሆነም ከፊቱ ይልቅ ከጀርባው ባለው ቀዳዳ ይሞከር። ትልቁ ዲስክ ግን የራሱን 12 ቮልት አዳፕተር ስለሚሻ፣ አዳፕተሩና ማከፋፈያው ይታዩ።

ስለ ኃይል ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። የጢስ ዓባይ ውሃ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ በሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ወደ መብራት ተለውጦ ለሀገር ጥቅም ሰጥቷል። መብራት ግን የትም ሀገር ቢሆን በድንገት ሊጠፋና ሊመለስ ይችላል። ፋይል በሚገለበጥበት ሰዓት ቢጠፋ፣ የዲስኩ ማውጫ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ይቀራል። ስለዚህ ሥዕል የሚገለብጥ ሰው ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ወይም በዩፒኤስ ይሥራ፤ ሲጨርስም በኮምፒዩተሩ ‹‹ኢጀክት›› ብሎ አሰናብቶ ይንቀል።

ሁለተኛ፤ መንገድ። ከዲስኩ ይልቅ ቶሎ የሚደክመው ገመዱ ነው። በብዙ ዲስኮች ላይ ያለው ሰፊና ጠፍጣፋ መሰኪያ ሲላላ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። ደግሞ ለስልክ ከሚሸጡት ገመዶች አንዳንዶቹ ኃይል እንጂ መረጃ አያስተላልፉም። ስለዚህ ደኅና መሆኑ የታወቀ ገመድ ለውጦ፣ ቀጥሎም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ይገባል። በሌላው ላይ ከታየ ሕመሙ የዲስኩ ሳይሆን የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ነው።

ሦስተኛ፤ ማውጫ። በዊንዶውስ ‹‹ዲስክ ማኔጅመንት›› የሚባለው ቦታ ቢከፈት፣ በተራው መስኮት ያልታየው ዲስክ በዚያ ይታይ ይሆናል። ከታየና ክፍሉ ጤነኛ ሆኖ ፊደል ብቻ ከጎደለው፣ እንደ ኢ ወይም ኤፍ ያለ ፊደል ቢሰጡት ወዲያው ይከፈታል። ‹‹ሮው›› ወይም ‹‹አንአሎኬትድ›› የሚል ከተጻፈበት ግን እጅን መሰብሰብ ነው። ምናልባትም ዲስኩ በማክ ኮምፒዩተር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ዊንዶውስ የማክን አጻጻፍ ስለማያውቅ ጤነኛውን ዲስክ ፎርማት ላድርገው ይላል። የሠርጉን ሥዕል ያነሣው ባለ ፎቶ ምን ኮምፒዩተር እንደሚሠራበት መጠየቅ ብቻ ይህን ጥፋት ያስቀራል።

ማውጫው በእውነት ቢበላሽም ሥዕሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ መጻሕፍቱ በቦታቸው ሳሉ ዝርዝራቸው የተቀደደበትን ቤተ መጻሕፍት ይመስላል። ‹‹ቴስት ዲስክ›› እና ‹‹ፎቶ ሬክ›› የሚባሉት ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች ብዙውን ፈልገው ማውጣት ይችላሉ። ነገር ግን የሚወጣው ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ ይጻፍ፤ በታመመው ላይ መጻፍ የቀረውን መደምሰስ ነው።

አራተኛ፤ የዕቃው ጉዳት። በሀርድ ዲስክ ውስጥ ሳሕኑ በደቂቃ ብዙውን ጊዜ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ አንባቢው ራስም ከሰው ጠጉር ውፍረት በብዙ ሺህ ጊዜ በምታንስ ርቀት በላዩ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም ዲስኩ ከወደቀ በኋላ ካልተነሣ፣ ወዲያው ይነቀል። ደጋግሞ መሰካት፣ መንቀጥቀጥና መምታት ጉዳቱን ያብሳል፤ ሣሕኑ ያለበትን ክፍል በቤት መክፈትም አቧራ አስገብቶ ተስፋውን ይቆርጣል። አንዳንድ ጊዜ የተበላሸችው በሽፋኑ ውስጥ ያለችው የዩኤስቢ ቦርድ ብቻ ስለምትሆን፣ ይህን ለመለየት ዐዋቂ ባለሙያ ይታይ። ባለቤቱም ለባለሙያው ‹‹ዲስኩን ሥራልኝ›› ከማለት ይልቅ ‹‹ሥዕሎቹን አውጣልኝ›› ብሎ አስቀድሞ ይንገረው፤ በፎርማት የተሠራ ዲስክ ባዶ ሆኖ ይመለሳልና።

ይህ ሁሉ ድካም ግን የሚመጣው ቅጂው አንድ ብቻ ሲሆን ነው። አባቶቻችን መጽሐፍን ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየገለበጡ ሲያስተላልፉ፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ተርፏል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮም የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል። የቤተ ሰብ ሥዕልም ሥርዓቱ ይኸው ነው። አንዱ ዲስክ በቡሬ ቢቀመጥ፣ ሁለተኛው በፍኖተ ሰላም ባለው ወንድም ወይም እኅት ቤት ይቀመጥ፤ የተወደዱት ጥቂቶች ደግሞ በወረቀት ይታተሙ።

ሁለቱም ዲስኮች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዘመድ በሚሰበሰብበት በመስቀልና በትንሣኤ ሰሞን፣ ተሰክተው ይታዩ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ በሥዕሉ ያሉትን ሰዎች ስም ቢናገሩና ልጆቹ ቢጽፉት ደግሞ እጅግ መልካም ነው፤ ዲስኩ ደኅና ሆኖ የሰዎቹን ስም የሚያውቅ ካልተገኘ፣ የተረፈው ሥዕል ግማሹ ብቻ ነውና።