ድንግል ምድር የለም

ከአርባ ምንጭ ተነሥቼ ወደ ካምባ ደጋ ስወጣ የጀመርኩት ግጥም በኪሴ ነበር፤ ርእሱም «ድንግል ምድር»። ቤታቸው ያሳደሩኝ እናት እንሰት ሲፍቁ ባየሁ ጊዜ ቀደድኩት። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ተፍቆ በጉድጓድ ሲብላላ ነው ቆጮ የሚሆነው። ዝናብ ባጠረበት ዓመት፣ እህል ሲጠፋ፣ ቤተሰብ የሚያተርፈው እርሱ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጠባ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ!

ታዲያ እኛ ገጣሚ ነን ባዮች «ያልተነካ»፣ «ድንግል» የምንለው የማንን ድካም ለመሰረዝ ነው? ተዳፋቱን በእርከን ያሰረው እጅ ባለቤት የለውምን?

«ኋላ ቀር» ለሚሉትም መልስ አለኝ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በወገኖቹ ላይ በደረሰው ግድያ ተቆጥቶ ለበቀል የወጣውን ወጣት የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ ጎዳና እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሱት። ይህ ጥበብ ከዱቡሻ፣ ከሽማግሌዎች የአደባባይ ሸንጎ፣ የተወረሰ እንጂ ከእኛ መጻሕፍት የተቀዳ አይደለም።

ወዳጄ ሆይ፣ ወደ ጋሞ ደጋ ስትወጣ ብዕርህን ለማውጣት አትቸኩል። አስቀድመህ ጠይቅ፦ ይህን ማን ተከለው?