በድንገት ስለሚጥለው ሕመም

ሰው በሞተ ጊዜ ጥሩምባ ተነፍቶ አገር ይሰበሰባል፤ ሥራውን ትቶ የማይመጣ የለም። ይህ የመተዛዘን ልማድ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሰው ገና በሕይወት ሳለ፣ ሊረዳ በሚችልበት ሰዓት፣ ጥሩምባው ዝም የሚልበት አንድ ሕመም አለ። እርሱም ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት፣ ሰውን በድንገት ጥሎ ግማሽ አካሉን የሚያሰንፈው፣ አንደበቱንም የሚዘጋው ነው።

የሕመሙ ምክንያት ምንድን ነው ቢሉ፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር በረጋ ደም መዘጋቱ ወይም ፈንድቶ ደሙ መፍሰሱ ነው። ደም ያልደረሰው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ያ ክፍል ያዝዘው የነበረው እጅ፣ እግር ወይም ንግግርም ይታሰራል። ብዙ ሰው ግን ምች ነው፣ ልክፍት ነው በማለት ሕመምተኛውን ሸፍኖ ያስተኛዋል፤ በዚህም የማይመለስ ሰዓት ያልፋል።

ይህ ሕመም ድኃና ንጉሥ አይለይም። የዘር ሐረጋቸው ከመንዝ የሚመዘዘው፣ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ አስቀድሞ ቀለል ያለ ምልክት ካሳያቸው በኋላ፣ በ1902 ዓ.ም. ሕመሙ ጸንቶባቸው አካላቸውንና አንደበታቸውን አሰረው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም አልተነሡም። በዙሪያቸው የውጭ አገር ሐኪሞች ቢኖሩም፣ የደም ግፊትን የሚያበርድ ኪኒን ወይም የረጋ ደምን የሚያሟሟ መርፌ በዚያ ዘመን በዓለም አልነበረም። ዛሬ መርፌው በጥቂት ታላላቅ ሆስፒታሎች ብቻ ቢሰጥም፣ ኪኒኑ ግን ለገበሬውም የሚደርስ ሆኗል።

መርፌው የሚጠቅመው ሕመሙ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ፣ ያውም የአንጎል ሥር መዘጋቱ እንጂ መፍሰሱ አለመሆኑ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ ነው። መርፌው በሌለበትም ስፍራ ቢሆን ቶሎ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ሰው ቤቱ ከቀረው ይልቅ የመትረፍ ተስፋው የበለጠ ነው።

ስለዚህ ምልክቱን ሁሉ ሰው ይወቅ። ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ፣ ሁለት እጅህን አንሣ ቢሉት አንዱ የሚወድቅበት፣ ንግግሩ በድንገት የተኮላተፈ ሰው ቢገኝ፣ ያለ ጥርጥር ይህ ሕመም ነው ተብሎ ይታሰብ። የጀመረበት ሰዓት ይያዝ፤ ሕመምተኛው በጎኑ ይተኛ፤ እንዳያንቀው ውኃም እህልም በአፉ አይሰጠው፤ ደሙ ፈስሶ እንደ ሆነ ይብስበታልና አስፕሪንም አይዋጥ። ምልክቱ ፈጥኖ ቢጠፋም ዳነ ተብሎ አይተው፤ የሚከተለው ሊብስ ይችላልና።

በቀየት፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ግን ምልክቱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ሆስፒታሎቹ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማና በደብረ ብርሃን ናቸው፤ የገበሬው ቤት ደግሞ ከገደል ማዶ፣ መኪና ከማይደርስበት ነው። ከዚያ ድረስ ሕመምተኛውን ለማድረስ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችልም። የሚችለው ዕድሩ ነው። ሬሳ ለመሸከም የሚሰበሰብ ጎረምሳ ሕያውን ለመሸከም አይከብደውም። እያንዳንዱ ዕድር ቃሬዛ ያዘጋጅ፤ በየመንደሩ ተሸካሚዎችን ይምረጥ፤ ከመኪና መንገድ ላይ ማን ተጠርቶ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ይወስን፤ ጥሩምባውም ሰው በወደቀ ጊዜ ይነፋ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ መጠበቅ ነው። የዚህ ሕመም ዋነኛው ምንጭ የደም ግፊት ነው፤ እርሱም ሳያሳምም ለብዙ ዘመን ይደበቃል። ስለዚህ ጤነኛ ነኝ የሚለውም ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይለካ። የዓለም ጤና ድርጅት ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በብርድ ሰበብ አረቄ ማብዛትና ትምባሆ ማጤስም ይቅር። ኪኒን የታዘዘለት ሰው ተሻለኝ ብሎ አያቋርጥ፤ ጠበል የሚጠመቅም እንዲሁ። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበረና፣ እምነትና ሕክምና አይጣሉም።

የጤና ሹማምንትም በየጤና ኬላው የግፊት መለኪያው፣ በየጤና ጣቢያው ኪኒኑ እንዳይጠፋ ይትጉ፤ ሰው ተራራ ወርዶ መጥቶ ባዶ እጁን ከተመለሰ ምክሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና። ለሙት ማልቀስ ደግ ሥራ ነው፤ በሕይወት ያለውን ፈጥኖ ማንሣት ግን ከዚያ ይበልጣል።