ስኳርና የሰው አገር

ከአዳማ ተነሥተህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ብትወርድ የወንጂን የሸንኮራ እርሻ ታገኛለህ። በዚያ ፋብሪካ አቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ከሆላንዳውያኑ ሠራተኞች አስቀድመው በኢንዶኔዢያ የሠሩ ስለ ነበሩ፣ ለነዚያ ቤተ ሰቦች ወንጂ ሁለተኛው የሰው አገር ሆነ። ሆኖም አባት ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱና ልጆቹ ይጠብቁት ነበር።

ሸንኮራውን የሚቆርጠውስ? እርሱም እንግዳ ነበር። ከከምባታና ከሀዲያ ለሥራ የመጣው ብዙ ነው። ባሕር አልተሻገረም፤ ነገር ግን ሚስቱንና ልጆቹን ከአገር ቤት ትቶ የመጣው ጥቂት አልነበረም። እንግዲህ ከሁለቱ ይበልጥ በሰው አገር የኖረው ማንኛው ነው ትላለህ?

በ1967 ዓ.ም. ድርጅቱ የመንግሥት ሆነ፤ የሆላንዶቹም ዘመን አለፈ። ጥያቄው ግን ለኔና ለአንተ ቀርቷል። እኔ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ስለ ደመወዙ እንጂ ስለ ቤቱ አልጠየቅሁም፤ እናቴን ትቼ መጣሁ። አንተም ነገ የምደባ ደብዳቤ ሲደርስህ አበሉን ከመቁጠርህ በፊት፣ ማንን ይዘህ እንደምትሄድና ማንን ትተህ እንደምትሄድ ቍጠር።